ሽቦ ሳይቆረጥ ፍሰትን መለካት፤ ስለ ክላምፕ ሜትር አመራረጥ

ከግቢ ውጭ ቤት ተከራይተን የምንኖር ተማሪዎች ብዙዎች ነን። ሦስት አራት ሆነን አንድ ክፍል እንይዛለን፤ ያችም ክፍል ከባለቤቱ ቤትና ከሌሎች ተከራዮች ጋር በአንድ ቆጣሪ ትተዳደራለች። ወር ሲደርስ የመብራቱ ሒሳብ በነፍስ ወከፍ ወይም በአምፑል ቁጥር ይከፋፈላል፤ ወዲያውም ጭቅጭቁ ይጀመራል። አንደኛው ወገን «ሌሊቱን ሙሉ አብርታችሁ የምታነቡት እናንተ ናችሁ» ሲል፥ ሌላው «በሳምንት ሁለት ቀን እንጀራ የምትጋግሩት እናንተ ናችሁ» ብሎ ይመልሳል። ማስረጃ የሚያቀርብ ግን የለም። ከዚህ የባሰው ነገር ደግሞ ከኮርኒሱ በላይ የተዘረጋው ቀጭን ሽቦ ነው። ለሁለት አምፑል ተብሎ የተሳበው ሽቦ ዛሬ የውሃ ማፍያ፥ ስቶቭና ካውያ ተጭኖበት ይገኛል። ምን ያህል እንደ ተሸከመ የሚያውቅ ሰው የለም፤ የሚታወቀው መሽተት ሲጀምር ነው።

«ማን ምን ያህል ይወስዳል?» የሚለውንና «ሽቦው ምን ያህል ተሸክሟል?» የሚለውን፥ ሁለቱንም ጥያቄ የሚመልስ በእጅ የሚያዝ አንድ መሣሪያ አለ። ስሙ ክላምፕ ሜትር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ አስረድቶ፥ በየሱቁ ከተደረደሩት መካከል ለተራው የቤት ሥራ የትኛው እንደሚበጅ ማመልከት ነው። የምሕንድስና ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን «የአርትስ ተማሪ ስለ ኤሌክትሪክ ምን አገባው?» እንደሚሉ አላጣሁትም። ሁለት ክረምት ከአንድ የመብራት ሠራተኛ ጋር መሰላል እየያዝሁ ዞሬያለሁ። ከዚህም በቀር እነርሱ ዕውቀቱን በእንግሊዝኛ ደብተራቸው ውስጥ ቆልፈው ስላስቀመጡት፥ አንድ ሰው በአማርኛ ማውጣት ነበረበት።

ነገሩ የሚጀምረው ከሩቅ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1820 ዴንማርካዊው ሊቅ ኧርስቴድ ኤሌክትሪክ በሚፈስበት ሽቦ አጠገብ የኮምፓስ መርፌ አቅጣጫዋን እንደምትለውጥ አስተዋለ። ይኸውም ፍሰት ባለበት ሽቦ ዙሪያ የመግነጢስ ኃይል አለ ማለት ነው፤ ፍሰቱ ሲበዛ ኃይሉም ይበዛል። በ1831 ደግሞ እንግሊዛዊው ፋራዴይ፥ የሚለዋወጥ የመግነጢስ ኃይል በአጠገቡ ባለ ጥቅል ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚያስነሣ አሳየ። ክላምፕ ሜትር የእነዚህ የሁለቱ ግኝቶች ልጅ ነው። እንደ ጉጠት የሚከፈተው አፉ ውስጡ ብረት ነው፤ በብረቱም ላይ ቀጭን ሽቦ ተጠምጥሞበታል። አፉ በአንድ ሽቦ ዙሪያ ሲገጥም፥ በሴኮንድ 50 ጊዜ እየተመላለሰ የሚፈሰው የቤታችን ኤሌክትሪክ በጥቅሉ ውስጥ አነስተኛ ፍሰት ያስነሣል፤ መሣሪያውም ያንን ለክቶ በአምፔር ያሳያል። ሽቦ አይቆረጥም፤ አይላጥም፤ መብራትም አይጠፋም።

ተራው መልቲ ሜትር እንዲህ ማድረግ አይችልም። ፍሰት እንዲለካበት ከተፈለገ ሽቦው ተቆርጦ፥ ፍሰቱ በመሣሪያው ሆድ ውስጥ እንዲያልፍ መደረግ አለበት፤ አብዛኞቹም ከ10 አምፔር በላይ አይችሉም። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ያህል ይወስዳል። ይህ ለ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ይሆናል። እንግዲህ ብዙውን ጊዜ በቤታችን ከሁሉ የበለጠ ፍሰት የሚወስደውን ዕቃ መልቲ ሜትሩ ሊለካው አይችልም። ሌላም አደጋ አለበት። የመልቲ ሜትሩ ገመድ በአምፔር ቀዳዳ ላይ እንደ ተሰካ ተረስቶ፥ ጫፎቹ ሶኬት ውስጥ ቢገቡ፥ ፌዝና ኒውትራልን በቀጥታ ማገናኘት ነው። በርካሽ መሣሪያ ውስጥ ያለው ፊውዝ ያንን ጊዜ ባይችለው የሚፈነዳው በያዘው ሰው እጅ ላይ ነው። የተለመዱት የክላምፕ ሜትር ዓይነቶች እንዲህ ያለ ቀዳዳ ስለሌላቸው ብቻ እንኳ ለጀማሪ ይሻላሉ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ስለ አያያዙ አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ እርሱን ያላወቀ ሰው መሣሪያውን በገዛ በማግስቱ «ተበላሽቷል» ብሎ ይመልሳልና። አፉ መግጠም ያለበት በአንድ ሽቦ ላይ ብቻ ነው። የውሃ ማፍያውን ገመድ እንዳለ ቢይዙት ንባቡ ዜሮ ይሆናል፤ በገመዱ ውስጥ ሄያጁና ተመላሹ ፍሰት ጎን ለጎን ስለሚገኙ የአንዱ የመግነጢስ ኃይል የሌላውን ያጠፋዋል። ስለዚህ ሠራተኞች አንዲት አጭር ኤክስቴንሽን ያዘጋጃሉ፤ የውጭው ወፍራም ልባስ ለአንድ ስንዝር ያህል ተገፍፎ፥ የውስጦቹ ሽቦዎች እያንዳንዳቸው ልባሳቸው ምንም ሳይነካ ተለያይተው ይታያሉ። ዕቃው በእርሷ በኩል ይሰካና ክላምፑ አንዱን ሽቦ ይይዛል። ይህችን ኤክስቴንሽን የሚሠራት ሙያውን የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት።

አሁን ወደ ሱቁ እንግባ። በመርካቶ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቆች ለገዢ ጆሮ መጀመሪያ የሚደርሰው ትልቁ ቁጥር ነው፤ «ይኸኛው 400 ይለካል፤ ያኛው 600፤ ይኸ ደግሞ 1000!» ገዢውም ለጥቂት ብር ልዩነት 1000 የሚለካውን ትቶ ለምን ትንሹን ልውሰድ ይላል። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ምጣዱ 16 አምፔር ነው። 2000 ዋት የሆነ የውሃ ማፍያ 9 አምፔር ነው። የጥንቱ 60 ዋት አምፑል ሩብ አምፔር ያህል ሲሆን፥ የዛሬው 9 ዋት የኤል ኢ ዲ አምፑል 0.04 አምፔር አካባቢ ነው። በአንድ ተራ ግቢ ያለው ዕቃ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቢበራ እንኳ 60 አምፔር መድረሱ ያጠራጥራል፤ 60 አምፔር ማለት ከ13 ሺህ ዋት በላይ ነውና። ታዲያ ሺህ አምፔር የሚለካ መሣሪያ ለእኛ ምን ያደርግልናል? የከባድ መኪና ሚዛን አምጥቶ ቡና እንደ መመዘን ያለ ነው።

ይህን በቁጥር ላስረዳ፤ የአርትስ ተማሪዎች አትሽሹ፤ መደመርና ማባዛት ብቻ ነው። በመሣሪያው መመሪያ ላይ ትክክለኛነቱ «ሁለት በመቶ ሲደመር 5 ዲጂት» ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። ገዢው ሁለት በመቶውን አይቶ ይደሰታል፤ ነገሩ ያለው ግን በአምስቱ ዲጂት ላይ ነው። ዲጂት ማለት በመስኮቱ መጨረሻ ላይ ያለው ትንሹ ቁጥር ነው። 600 አምፔር የሚለካው መሣሪያ ትንሹ ቁጥሩ 0.1 አምፔር ነው እንበል። አምስት ዲጂት ማለት እንግዲህ ግማሽ አምፔር መሆኑ ነው። ያንን ጥንታዊ አምፑል ብንለካበትና 0.3 ቢል፥ እውነቱ ከዜሮ እስከ 0.8 ድረስ የትም ሊሆን ይችላል፤ አንድ ይሁን ሦስት አምፑል የበራው መሣሪያው አያውቅም። እስከ 60 አምፔር ብቻ የሚለካውና ትንሹ ቁጥሩ 0.01 የሆነው ግን፥ ያው አምስት ዲጂት 0.05 አምፔር ብቻ ስለሚሆንበት፥ ለዚሁ አምፑል የሚታመን መልስ ይሰጣል። ምጣዱን በሚለኩበት ጊዜ ሁለቱም ደኅና ናቸው፤ 16 አምፔር ላይ የግማሽ አምፔር ስሕተት ማንንም አያጣላም። በጥቃቅኑ ዕቃ ላይ ግን አንዱ ያያል፤ ሌላው ይገምታል። ስለዚህ ባለ ሱቁን «እስከ ስንት ይለካል?» ብሎ ከመጠየቅ በፊት «ከስንት ጀምሮ ይለካል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ትልቁን ለገዛ ሰው ግን አንድ መላ አለ። ልባሱ ያልተነካውን አንዱን ሽቦ በክላምፑ አፍ ውስጥ አሥር ጊዜ ቢያዞሩት፥ መሣሪያው የፍሰቱን አሥር እጥፍ ያነባል፤ ንባቡን ለአሥር ማካፈል ነው። እንዲህ ከሆነ ያ 0.04 አምፔር 0.4 ሆኖ ይታያል። የድሆች ብልኃት ነው፤ ሊቃውንቱም አይንቁትም።

ከዚህ በኋላ ያለው ነገር ከገንዘብ ወደ ሕይወት ይሻገራል። ከእኔ ጋር ይሠራ የነበረ አንድ ለማጅ ልጅ በአንድ ግድግዳ ላይ የወጣ ሽቦ ይዞ ክላምፑ 0.0 ሲለው፥ «ጋሼ፥ ይኸ መብራት የለውም፤ ልላጠው?» ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌው ሠራተኛ ከመሰላሉ ላይ ሆነው፥ «እጅህን አንሣ ልጄ! ዜሮ ያለው እኮ ማንም አልተጠቀመበትም ሲል ነው፤ ሞቷል አላለህም» አሉት። ልጁም ቮልቱን ሲለካው 220 ሆኖ ተገኘ። ነገሩ ግልጥ ነው። በሌሊት የቧንቧ ውሃ የሚቀዳ ሰው ስለሌለ አይፈስስም፤ ግፊቱ ግን በቧንቧው ውስጥ እንዳለ ነው። ሽቦም እንደዚሁ ነው። አምፔር ፍሰቱ፥ ቮልት ግፊቱ ነው፤ ሰውን የሚጠብቀው ደግሞ ግፊቱ ነው። ልጁ ሽቦውን ቢነካው ኖሮ ፍሰቱ በእርሱ ሰውነት በኩል ይጀመር ነበር። ሰውን ለአደጋ የሚያደርሰው ፍሰት ደግሞ እጅግ ትንሽ ነው። በቤት ውስጥ ሰውን ከኤሌክትሪክ አደጋ እንዲጠብቅ የሚተከለው ልዩ ብሬከር በ0.03 አምፔር እንዲያጠፋ የተሠራው ስለዚህ ነው። 600 የሚለካው ክላምፕ ይህን 0.03 አምፔር «0.0» ብሎ ነው የሚያነበው!

ስለዚህ የምትገዙት ክላምፕ ሜትር ቮልት መለኪያ ገመዶች ያሉት ይሁን። አንድ ሽቦ መሞቱን ለማረጋገጥም ሥርዓቱ ይህ ነው፤ መጀመሪያ መብራት ያለበትን ሶኬት ለክታችሁ መሣሪያው መሥራቱን ታያላችሁ፤ ቀጥሎ የምትጠረጥሩትን ሽቦ ትለካላችሁ፤ ከዚያም ተመልሳችሁ ያንኑ ሕያው ሶኬት ትለካላችሁ። በመካከል ባትሪው ቢያልቅ ወይም ገመዱ ቢበጠስ የሚታወቀው በሦስተኛው ነው። አንዳንዱ ክላምፕ ወደ ሽቦ ሲጠጋ የሚጮህና የሚያበራ ጫፍ አለው። ፌዝ ለመፈለግ ምቹ ነው፤ ዝም ማለቱን ግን እንደ ምስክር አትቀበሉት።

ስለ ደኅንነት ከተነሣ ዘንድ፥ ከሁሉ ይልቅ ገዢ ሳያየው የሚያልፈውን ምልክት ልጥቀስ። በመሣሪያው ፊት ላይ፥ አብዛኛውን ጊዜ በገመዶቹ መሰኪያ አጠገብ፥ «ካት» የሚል የላቲን ጽሑፍ፥ ከዚያም የሮማ ቁጥር፥ ከዚያም የቮልት ልክ ይገኛል። ይህ አይ ኢ ሲ 61010 ከሚባለው ዓለም አቀፍ ደንብ የመጣ ነው። ካት ሁለት ሶኬት ላይ ለሚሰኩ ዕቃዎች ነው። ካት ሦስት ለቤቱ ቋሚ የሽቦ መስመርና ብሬከሮቹ ላሉበት ሣጥን ነው። ካት አራት ከምሰሶ ለሚወርደው መስመርና ለቆጣሪው ነው። ወደ ምንጩ በተጠጉ ቁጥር አደጋው ያድጋል። መብረቅ በሩቅ መስመር ላይ ቢወርድ ወይም ትልቅ ሞተር ድንገት ቢጠፋ፥ 220 የነበረው መስመር ከዐይን ጥቅሻ ላነሰ ጊዜ ብዙ ሺህ ቮልት ሊሆን ይችላል። ካት ሦስት 300 ቮልት የተባለ መሣሪያ እስከ 4000 ቮልት፥ ካት ሦስት 600 ቮልት የተባለው ደግሞ እስከ 6000 ቮልት የሚደርሰውን እንዲህ ያለ ድንገተኛ ግፊት እንዲችል ይፈተናል። ክረምት የመብረቅ ወራት በሆነበት አገር ይህ የወረቀት ወግ አይደለም። ሽማግሌው ሠራተኛ ክረምት ደመና ሲጠቁር የብሬከር ሣጥን አይከፍቱም ነበር፤ ምክንያቱን ግን ነግረውኝ አያውቁም።

ለቤት ሥራ ካት ሦስት 300 ቮልት ከሁሉ ያነሰው ልክ ነው፤ 600 ቢሆን የተሻለ ነው። ካት ሁለት ብቻ የሚለውን ለብሬከር ሣጥን አትግዙ። ምንም ያልተጻፈበትን ደግሞ ተዉት። እዚህ ላይ መጠንቀቅ የሚገባ ነገር አለ፤ ጽሑፉን ማንም ሊያትመው ይችላል። ብዙ ሰው የሚያምነው «ሲ ኢ» የሚለው ምልክት እንኳ በእንዲህ ያለ ዕቃ ላይ አምራቹ በራሱ ኃላፊነት የሚለጥፈው ነው። ዩ ኤል፥ ሲ ኤስ ኤ ወይም ቱፍ የሚሉት ግን ሌላ ወገን መርምሮ የሚሰጣቸው ስለ ሆኑ ክብደታቸው ይበልጣል። እነርሱ ባይገኙ እንኳ ዐይን ብዙ ነገር ያያል። የገመዱ ላስቲክ ወፍራምና ለስላሳ ነው ወይስ እንደ ስልክ ቻርጀር የቀጠነ? በካት ሦስት መርፌ ላይ ራቁቱን የሚወጣው ብረት ከ4 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ደንቡ ያዛል፤ የገመዶቹ መርፌ እንደ ወስፌ ረዝሞ ከወጣ፥ ወይም ከላዩ የሚሸፈንበት ክዳን ከሌለው፥ በጠባብ ሣጥን ውስጥ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ነክቶ እሳት ያስነሣል። ምሰሶውንና ከቆጣሪው በፊት ያለውን መስመር ግን በምንም ዓይነት ክላምፕ አትቅረቡት። እርሱ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ድርሻ ነው፤ ሕዝቡ በ2006 ዓ.ም. ድርጅቱ ለሁለት ከተከፈለ በኋላም ዛሬ ድረስ መብራት ኃይል እያለ የሚጠራው ማለት ነው።

ሌላው በሣጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው «ትሩ አር ኤም ኤስ» የሚለው ነው። ይህ ጌጥ ነው ወይስ ጥቅም? ዱሮ ቢሆን ጌጥ ነው ባልሁ ነበር። ምጣድ፥ ካውያና ስቶቭ ፍሰቱን እንደ ሐይቅ ማዕበል ለስላሳ አድርገው ይወስዱታል፤ ለእነርሱ ርካሹም መሣሪያ ትክክል ያነባል። የዛሬው የኮምፒውተር ቻርጀር፥ ቴሌቪዥንና የኤል ኢ ዲ አምፑል ግን ፍሰቱን በመቆራረጥ፥ እንደ ተጠማ ሰው በጉንጭ በጉንጭ ይጎነጩታል። ርካሹ መሣሪያ አማካዩን ወስዶ ስለሚያባዛ፥ እንዲህ ያለውን ፍሰት በጣም አሳንሶ፥ አንዳንዴም ከሲሶ በላይ ቀንሶ ያነበዋል። ሽቦውን የሚያሞቀው ግን እውነተኛው እንጂ የተነበበው አይደለም። ክፍላችን በቻርጀር የተሞላ ስለ ሆነ ትሩ አር ኤም ኤስ ያለውን እመርጣለሁ፤ የዋጋው ልዩነትም ዛሬ ብዙ አይደለም።

ቤተሰቦቹ በገጠር በፀሐይ ኃይል መብራት የሚጠቀሙ ተማሪ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለበት። ከፀሐይ ሰሌዳና ከባትሪ የሚወጣው ፍሰት አይመላለስም፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሄዳል። ያ የፋራዴይ ጥቅል ሽቦ ደግሞ የማይለዋወጠውን አያይም። ስለዚህ ተራው ክላምፕ ሙሉ ፍሰት ባለበት የባትሪ ሽቦ ላይ ዜሮ ያነባል። ዲ ሲ የሚለካው ክላምፕ በአፉ ላይ ሌላ ስሜት አለው፤ አሜሪካዊው ኤድዊን ሆል በ1879 ባገኘው ነገር የሚሠራ ነው። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ከእያንዳንዱ ልኬት በፊትም «ዜሮ» የሚለውን ቁልፍ መጫን ያስፈልገዋል፤ አለዚያ የመሬትን መግነጢስ ሳይቀር ቆጥሮ ያቀርባል። የመኪና ባትሪ ወይም የፀሐይ ሰሌዳ የማይነካ ሰው ይህን ለመግዛት አይቸገር።

ሞተር ሲነሣ ያለውን ፍሰት መያዝ፥ ሙቀት መለካት፥ በስልክ ማሳየት፥ የእጅ ባትሪ፥ እነዚህን ሁሉ እዘልላቸዋለሁ። የውሃ ፓምፕ ያለው ግቢ የመጀመሪያውን ሊፈልገው ይችላል፤ ፓምፕ ሲነሣ ለጥቂት ቅጽበት ከተለመደው ፍሰቱ አምስትና ስድስት እጥፍ ስለሚወስድና ብሬከሩን ስለሚያወርድ ነው።

ክላምፕ ሜትር የማይነግራችሁን ደግሞ ማወቅ ያስፈልጋል፤ በዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታልና። በአንድ የተከራየነው ክፍል ውስጥ የውሃ ማፍያው በሚሰካበት ጊዜ ሶኬቱ ይግል ነበር፤ ባለቤቱ «ማፍያችሁ ከባድ ነው» ይሉ ነበር። ክላምፑ ግን 9 አምፔር አነበበ፤ ይህም ለሶኬቱም ለሽቦውም ልክ የሆነ ነው። ጥፋቱ ከሶኬቱ በስተኋላ የላላው ብሎን ነበር። የላላ መጋጠሚያ ፍሰቱን ብዙ አይቀንሰውም፤ በዚያች ነጥብ ላይ ግን እሳት ያበጃል። መጋጠሚያው ግማሽ ኦም ያህል ቢቃወም፥ 9 በ9 ተባዝቶ በግማሽ ሲባዛ 40 ዋት ይሆናል፤ ይህም አንድ የብየዳ ካውያ የሚያግልበት ጉልበት ነው፤ በፕላስቲክ ሶኬት ውስጥ! ክላምፑ «ፍሰቱ ደኅና ነው» ማለቱ «መስመሩ ደኅና ነው» ማለት አይደለም። በዚህ ጊዜ የሚረዳው የቮልት ገመዱ ነው፤ ማፍያው ሳይበራና በርቶ ሳለ በዚያው ማከፋፈያ ላይ ያለውን ቮልት ማወዳደር ነው። ሲበራ አሥርና አሥራ አምስት ቮልት ከወደቀ፥ ወይ ሽቦው ቀጭን ነው፥ ወይ አንድ መጋጠሚያ ላልቷል።

ሒሳቡን በሚመለከትም እንደዚሁ ነው። ክላምፑ የሚያየው ቅጽበቱን ነው፤ ቆጣሪው የሚደምረው ሰዓቱን ነው። ፍሪጅ አንዴ ይሠራል፥ አንዴ ያርፋል፤ በሚያርፍበት ጊዜ ለክቶ «ምንም አይወስድም» ማለት ተንኮል ነው። ከዚህም በላይ ሞተር ባለው ዕቃ ላይ አምፔርን በቮልት ማባዛት ቆጣሪው ከሚቆጥረው ዋት የበለጠ ይሰጣል። ምጣድና ማፍያ ግን ያለ ተንኮል ይለካሉ። 3500 ዋት የሆነ ምጣድ ሳይቋረጥ ለአንድ ሰዓት ቢበራ 3.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። 9 ዋት አምፑል በየሌሊቱ አምስት አምስት ሰዓት ቢበራ ያንን ለመጨረስ 78 ሌሊት ያስፈልገዋል። እንግዲህ ሒሳቡን በአምፑል ቁጥር መክፈል ለማን እንደሚበጅ አንባቢ ይፍረድ። ነገር ግን ሲመሽ ቮልቱ 190 ቢወርድ የዚያው ምጣድ ፍሰት ወደ 14 አምፔር ገደማ እንደሚቀንስ፥ እንጀራውም ዐይን ማውጣት እንደሚያቅተው አትርሱ፤ ስለዚህ ከክርክር በፊት ቮልቱም ይለካ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለክፍል ጓደኞች በጋራ የሚገዛ አንድ መሣሪያ ምረጥ ብባል፥ የምመርጠው ከ60 እስከ 100 አምፔር ድረስ የሚለካ፥ ትንሹ ቁጥሩ 0.01 ወይም ከዚያ ያነሰ፥ ትሩ አር ኤም ኤስ የሆነ፥ ቮልት የሚለካና ካት ሦስት የተጻፈበት ትንሽ ክላምፕ ነው። ዩኒ ቲ የሚያወጣው 210 ኢ የተባለው ትንሽ መሣሪያ ከዚህ ጋር ይቀራረባል፤ ከ2 አምፔር እርከን እስከ 100 ይለካል፤ ዲ ሲም ያያል፤ ካት ሦስቱ ግን 300 ቮልት ብቻ ነው፤ አፉም 17 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ ወፍራም ሽቦ አይገባበትም። የፍሉክ 323 በጥንካሬና በካት ሦስት 600 ቮልቱ ይበልጠዋል፤ ነገር ግን 400 አምፔር የሚለካና ትንሹ ቁጥሩ 0.1 የሆነ፥ ዲ ሲ ፍሰት የማይለካ፥ ለባለ ሙያ ሠራተኛ የታሰበ ነው። በየቀኑ የብሬከር ሣጥን የሚከፍት ሰው ሁለተኛውን ይግዛ፤ የክፍሉን ዕቃ ማወቅ የሚፈልግ ተማሪ በመጀመሪያው ይበቃዋል። በሐሰት የተሠሩ የታወቁ ስሞች በገበያው ስላሉ፥ ፍሉክ ተብሎ በአምስተኛ እጅ ዋጋ የሚሸጠውን ተጠራጠሩት።

ለግዢ ስትሄዱ ያችን የተለያየች አጭር ኤክስቴንሽን ይዛችሁ ሂዱ፤ ባለ ሱቁን የውሃ ማፍያ እንዲሰካላችሁ በትሕትና ለምኑት። መጀመሪያ ቮልቱን ለኩ፤ ከዚያ አንዱን ሽቦ ያዙ። 220 ቮልት ላይ 2000 ዋቱ ማፍያ 9 አምፔር አካባቢ፥ 190 ላይ ደግሞ 8 አካባቢ ማንበብ አለበት። ፌዙንና ኒውትራሉን ተራ በተራ ያዙ፤ ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። ሁለቱን በአንድነት ብትይዙ ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ይሁን። አፉን አሥር ጊዜ ከፍታችሁ ዝጉ፤ ንባቡ በየጊዜው ከተለዋወጠ ብረቶቹ በትክክል አይገጥሙም ማለት ነውና ሌላ ጠይቁ። ባለ ሱቁ «መፈተን አይቻልም» ካለ ጎረቤቱ ዘንድ ሂዱ።

ቤት ከገባም በኋላ አፉ የሚገጥምበትን የብረት ፊት በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፥ ገመዶቹን ከመሣሪያው ጋር በአንድ ከረጢት ማኖር ያስፈልጋል፤ ለክረምት ወደ አገር ቤት ስትሄዱ ደግሞ ባትሪውን አውጡት። ሳይነካ ውስጡ የተቀመጠ ባትሪ ሊያፈስስ ይችላል፤ ያፈሰሰውም ነገር መዳቡን ይበላዋል።